ሜዳ ላይ የቆመችው ኤንትሬ

ህሩይ በላይነህ ጭሮ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ጋራዥ ከከፈተ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከተማዋን እሱ እስከ ዛሬ በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ ነው የሚላት። ስልሳ ሊደፍን ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው፤ ጆሮው ግን አላረጀም። ሞተር ሲነሳ አንዴ ከሰማ በሽታው የት እንዳለ ይናገራል ይባልለታል፣ እሱም ይህን ስም ይወደዋል። መኪናዬ አልነሳ አለኝ እያለ ለሚመጣ ሾፌር ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው።

«መጀመሪያ አዟዟሩን ስማ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ አልነሳም ካለ ነዳጅ ፈልግ። መዞሩ ራሱ ከከበደው ግን ነዳጁን ተወውና ኤሌክትሪኩን እይ።»

ከደንበኞቹ ሁሉ የሚቀርበው በድሪ ነበር። በድሪ የአንዲት አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ባለቤትም ሾፌርም ነው፤ ከበደሳና ከገለምሶ ገጠር ጀንፈል ቡናና በቆሎ እየጫነ ጭሮ ያራግፋል። ሁለቱ ከተዋወቁ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። በኢድ ህሩይ በድሪ ቤት ይሄዳል፣ በፋሲካ በድሪ ህሩይ ቤት ይመጣል። የአንዱን ሥጋ ሌላው ባይበላም ጨዋታው ቀርቶ አያውቅም።

በድሪ ሐሰን የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው፣ ገለምሶ የሚኖር። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ በድሪን ያሳደገው ሐሰን ነው። መሪ ያስያዘውም እሱ ነው፣ በዚችው ኤንትሬ። ከሰባት ዓመት በፊት የሐሰን የበኩር ልጅ ኢርሻድ፣ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ቦርደዴ ጉዳይ አለኝ ብሎ ከአጎቱ ጎን ተሳፈረ። ዝናብ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ ተንሸራትታ ተገለበጠች። በድሪ ክንዱ ተሰብሮ ወጣ፤ ኢርሻድ በሕይወት አልወጣም።

ፖሊስ መርምሮ በሾፌሩ ላይ ጥፋት አላገኘም። ሐሰን ግን ልጁን በቀበረበት ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለ። አለና በቃሉ ጸና። በድሪ ሽማግሌ ላከ፣ ሼኮች ላከ፣ በየኢዱ ገለምሶ እየሄደ ከበር ተመለሰ። የሚፈልገው ከወንድሙ አፍ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «አፉ ብዬሃለሁ» እንዲለው፣ ይቅር ብዬሃለሁ እንዲለው። ሰባት ዓመት ጠበቀ።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ኤንትሬዋ ጠዋት ጠዋት መነሳት አስቸገረች። ቀን ከሞቀች በኋላ ደህና ናት፤ ብርድ ላይ ካደረች ግን ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ እያቃሰተ ይዞራል፣ አንዳንዴም ቀጥ ይላል። በድሪ መላ አበጀላት። የትም ሲያድር ቁልቁለት ላይ ያቆማታል፤ ጠዋት ከጎማዋ ሥር ድንጋዩን አውጥቶ ለቀቅ ያደርጋትና በማርሽ ያስነሳታል።

ታኅሣሥ ሲገባ ህሩይ ዘንድ አመጣት። ህሩይ ባትሪዎቹን ለካ፤ ሁለቱም ደክመዋል። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አውርዶ ካርቦኑን ቀየረ። ሁለት አዳዲስ ባትሪ በገዛ እጁ አሰረ፣ ጫፎቻቸውን በብሩሽ ፈትጎ አጠበቀ። ቁልፉን ሲያዞር ኤንትሬዋ ወዲያው ተነሳች። ነገር ግን ሰዓቱ ቀትር ነበር፣ ሞተሩም ከመንገድ ከገባ ብዙም አልቆየም። «ትደርና ጠዋት በብርዱ እንያት» ማለት ነበረበት። አላለም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«በል፣ ከእንግዲህ ቁልቁለት መፈለግ ቀረልህ፣» አለው። «የትም አቁማት።»

በድሪም አመነው።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ በድሪ ከበደሳ በመኪና አንድ ሰዓት ወደሚያስኬድ ገጠር ጀንፈል ሊጭን ሄደ። ጭኖ ሲጨርስ መሽቶ ስለነበር እዚያው አደረ። ኤንትሬዋን ያቆማት ቡና የሚሰጣበት ሜዳ ላይ ነው። ቁልቁለቱ ሃያ ሜትር አይርቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጠራ። የሐሰን ልጅ ፈርዶሳ ናት። በሰባት ዓመት ውስጥ ደውላለት አታውቅም።

«አዴራ፣» አለችው፤ የአባት ወንድም በኦሮምኛ የሚጠራው እንደዚያ ነው። «አባዬ በጣም ታሟል። ከትናንት ጀምሮ ያንተን ስም ነው የሚጠራው። ‹በድሪን አምጡልኝ፣ የምነግረው አለኝ› ይላል። ቶሎ ና።»

«ምንድን ነው የሚነግረኝ?»

«ለእኛ አይናገርም። ‹ለራሱ ነው የምነግረው› ነው የሚለው።»

በድሪ ሮጦ ካቢን ውስጥ ገባ። ሳሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ነበር። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ ዞረ፣ ተጎተተ፣ ሌላ ግማሽ ዙር ሄደ፣ ቆመ። ደገመ። ያው ነው።

ለህሩይ ደወለ። ነገሩን ሁሉ ነገረው፤ ወንድሙ እንደጠራው፣ ወንድሙ እየሞተ እንደሆነ።

«እስቲ አዙራት፣ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋልኝ፣» አለ ህሩይ።

በስልኩ ውስጥ የሞተሩን ድምፅ ሰማ። ከባድና ዝግ ያለ ነበር። ሌላ ሾፌር ቢሆን ኖሮ ያንኑ ሰዓት ኤሌክትሪኩን እይ ይለው ነበር። ግን ባትሪዎቹን ያሰረው እሱ ነው። ሞተሪኖውን የሠራውም እሱ ነው። እሱ ከነካው ቦታ ጥፋት ይኖራል ብሎ ማሰብ አልመጣለትም።

«ባትሪው አዲስ ነው፤ እሱ አይደለም፣» አለ። «ብርድ ነው። ናፍጣው አየር ይዞ ይሆናል። ፊልትሮው ላይ ያለችውን ቡሎን ላላ አድርጋትና በእጅ ፖምፓው ምታ፣ አረፋው እስኪጠፋ።»

በድሪ ያለውን አደረገ። ጣቶቹ በናፍጣና በብርድ ደነዘዙ። አረፋ አልወጣም፤ ንጹሕ ናፍጣ ነው የወጣው። አዞራት። ሞተሩ ከበፊቱም ይልቅ ዘገየ፤ ግን አንዴ ጭስ ተፋ፣ ሊነሳ የቀረበ መሰለ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሰፈሩ ሰው ብሩ በሞተር ሳይክል ወደ በደሳ ሲሄድ አየውና ቆመ። «ና ውጣ፣ በደሳ ላድርስህ፤ ከዚያ ለገለምሶ ሚኒባስ አለ፣» አለው። በድሪ አንድ እግሩን ሞተር ሳይክሉ ላይ ሊያወጣ ምንም አልቀረውም። ቢሆንም ስልኩን አነሳ።

«ያ ህሩይ፣ ሰው በሞተር ሳይክል ልውሰድህ እያለኝ ነው። ልሂድ?»

«ጭስ ሰጠች አላልክም?»

«ሰጠች።»

«እንግዲያው ተነሣች ማለት ነው። አሥር ደቂቃ ስጠኝ። በሞተር ሳይክል በደሳ ደርሰህ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ ጠብቀህ፣ መቼ ልትደርስ ነው? በራስህ መኪና ትቀድማለህ።»

በድሪ ብሩን አመሰገነና ሸኘው።

አሥሩ ደቂቃ ሃያ ሆነ፣ ሰዓት ሆነ። ህሩይ ናፍጣ የሚረጩትን ኢኜቶሪዎች አስፈታው፣ ፊልትሮውን አስቀየረው፣ የአየር ማጣሪያውን አስወለቀው። በድሪ በየመሀሉ አንዴ እያዞረ ባትሪዎቹን ጨረሳቸው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሞተሪኖው ጭራሽ ‹ጠቅ› ከማለት በቀር ድምፅ አልሰጠም። ሞተር ሳይክል ፍለጋ መንገድ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ያለፉት አህዮች ብቻ ነበሩ። አምስት ሰዓት ላይ በቆሎ የጫነ መኪና መጣ፣ በሽቦ ገመድ ጎትቶ በማርሽ አስነሳለት።

ገለምሶ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከሐሰን ቤት ፊት ለፊት ሰው ተሰብስቧል። ጀናዛው ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ የቀትሩ የዙህር ሶላት ይጠበቃል። ሐሰን ያረፈው አራት ሰዓት ላይ ነው።

በድሪ የወንድሙን ጀናዛ ተሸከመ። ሰባት ዓመት ሙሉ በርቀት ብቻ ያየውን ሰው ትከሻው ላይ አድርጎ ወሰደው። ሲመለሱ ፈርዶሳን ለብቻዋ አገኛት።

«ምን አለ?» አላት።

ፈርዶሳ አንገቷን ደፋች። «መኪና ባለፈ ቁጥር ‹ኤንትሬዋ ናት?› ይላል። ድምፅዋን ያውቀዋል። ‹አይደለችም አባዬ› እንለዋለን። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በጣም ሲደክም፣ ‹ንገረንና እኛ እናድርስልህ› አልነው። ‹የለም፣ ይህ በሰው አይላክም፣ ይመጣል› አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።»

«ተቆጥቶ ነበር?»

«አላውቅም፣ አዴራ። ወላሂ አላውቅም።»

ስለዚህ በድሪ የተመኘው ቃል ይሁን ወይም የሚፈራው እርግማን፣ ወንድሙ ይዞት የሄደውን ሳያውቅ ቀረ።

በአምስተኛው ቀን ኤንትሬዋን እየነዳ ጭሮ ጋራዡ ድረስ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ህሩይ ሊያቅፈው ቀረበ፤ በድሪ ቆሞ ታቀፈ እንጂ እጁን አላነሳም።

«ምን እንደነበረ ፈልግልኝ፣» አለ። «ማወቅ እፈልጋለሁ።»

በዚህ ጊዜ ህሩይ አልቸኮለም። ባትሪዎቹን ሞልቶ መኪናዋን ውጭ አሳደራት፤ ጠዋት በብርዱ፣ ሰው ሳይመጣ ገባ። ቁልፉን አዞረ። ያው ከባድ፣ ዝግ ያለ ድምፅ። ባትሪዎቹን ለካ፤ ሙሉ ናቸው። ጎረቤቱን ጠርቶ ቁልፉን እንዲያዞርለት አደረገና፣ የመለኪያውን አንድ ጫፍ ባትሪው ነጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ ያዘ። ወደ ዜሮ ሊጠጋ የሚገባው ቁጥር አምስትን አለፈ። ከባትሪው የሚወጣው ኃይል መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው።

ጀርባውን መሬት ላይ ሰጥቶ መኪናዋ ሥር ገባ። ከሻንሲው ወደ ሞተሩ የሚሄድ፣ አውራ ጣት የሚያህል የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ካቦ የሚሉት፣ አለ። ሞተሪኖው የሚስበው ኃይል ሁሉ የሚመለሰው በእሱ ነው። ጭቃና ግሪስ ለብሷል። ህሩይ በእጁ ጨበጠውና ወዲያው ለቀቀው። ይፋጃል።

ፈታውና አወጣው። ላዩ ደህና ነው፤ ላስቲኩ አልተሰነጠቀም። በቢላ ሰነጠቀው። ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ጤነኛ ሆነው የቀሩት ጥቂት ክሮች ናቸው። አዲሶቹ ባትሪዎች ጉልበት ስለነበራቸው አሥራ ምናምን ቀን ሸፈኑለት፤ በዚያ ካቦ በኩል ግን እነሱም በደንብ አይሞሉም ነበር። ብርድና ሜዳ ሲገጥማት አለቀላት።

አዲስ ካቦ ቆረጠ፣ የሚታሰርበትን ብረት እስኪያበራ ፈገፈገ፣ አጠበቀ። ቁልፉን አዞረ። ኤንትሬዋ በግማሽ ዙር ተነሳች።

ህሩይ ሞተሩን አጠፋና ካቢኑ ውስጥ ቁጭ አለ። ሞተሪኖው ተቃጥሎ ነው ቢለው፣ በድሪ ያምነዋል። ካርቦኑ የተበላሸ ኖሮ ነው ቢለው ያምነዋል። እርጅና ነው ቢለውማ ማንም ያምነዋል። የተሰነጠቀውን ካቦ ምድጃ ውስጥ መጣል ብቻ ነው የሚጠበቅበት። አልጣለውም።

በድሪ ሲመጣ ካቦውን አሳየው። የሆነውን አንድ በአንድ ነገረው። በድሪ የተሰነጠቀውን ላስቲክ ከፍቶ አረንጓዴውን ዱቄት በጣቱ ነካው።

«ባትሪ ስትቀይር ይሄን አላየኸውም?»

«አላየሁትም። እታች ወርጄ ማየት ነበረብኝ።»

«በዚያን ጠዋትስ? እዚያ ሆኜ እኔ ላውቀው እችል ነበር?»

«ትችል ነበር። ‹አዙርና ካቦውን ንካው፣ ይፋጃል ወይ?› ብልህ ኖሮ በዚያች ደቂቃ ይታወቅ ነበር። ከዚያ ከወንበርህ ሥር ያለውን የባትሪ ማጋሪያ ካቦ፣ አንዱን ጫፍ ነጋቲቩ ላይ፣ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ብታስረው ትነሣ ነበር። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፣ በድሪ። ኤሌክትሪክ እንደሆነ ድምፁ ነግሮኛል። እኔ በሠራሁት ሥራ አይሆንም ብዬ ነዳጅ ውስጥ አስገባሁህ። ሞተር ሳይክሉንም ያስመለስኩህ እኔ ነኝ።»

«በስንት ደቂቃ ትነሣ ነበር?»

«በአምስት።»

በድሪ ካቦውን መሬት ላይ አስቀመጠ። አልተቆጣም፣ አልተሳደበም። ቁልፉንም ሳይቀበል ከጋራዡ ወጥቶ ሄደ።

ሦስት ሳምንት አልመጣም። ስልክም አላነሳም። ኤንትሬዋ ግቢው ውስጥ ቆማ ቀረች። ህሩይ ሌላ መኪና ሲሠራ ዓይኑ ወደ እሷ ይሄዳል። ሾፌሮች ድምፅ ሊያሰሙት ሲመጡ «ሌላ ሰው አሳዩት» እያለ መመለስ ጀመረ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠዋት በድሪ በሩ ላይ ቆመ።

«ገለምሶ ልሄድ ነው፣» አለ። «አንተም ትመጣለህ። ፈርዶሳ ያን ቀን ለምን እንደዘገየሁ ትጠይቀኛለች። እኔ ልነግራት አልቻልኩም፤ አንተ ንገራት።»

ህሩይ ቱታውን አውልቆ ተከተለው። በድሪ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ወዲያው ተነሳች። በድሪ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ ማርሽ አስገባና ወደ ገለምሶ ነዳ።

ፈርዶሳ ጥቁር ሻርፕ ለብሳ በረንዳው ላይ ተቀበለቻቸው። ህሩይ ቁጭ በሉ ብትለው አልተቀመጠም። እንደቆመ ሁሉን ነገራት፤ ካቦውን፣ የሰማውን ድምፅ፣ አሥሩን ደቂቃ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ ልልሽ አይደለም የመጣሁት፣» አላት። «አባትሽ ሲጠብቅ የቀረው በእኔ ምክንያት መሆኑን እንድታውቂው ነው።»

ፈርዶሳ እያለቀሰች ሰማችው። ሲጨርስ ዕንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችና፣

«ጋሽ ህሩይ፣ ተቀመጡ እንጂ፣» አለችው። «እርስዎ ሦስት አራት ሰዓት ነው ያስረፈዱት። አባዬ ስልክ ነበረው። አዴራ በየዓመቱ እዚህ በር ላይ ይቆም ነበር። እኔ በመስኮት አየዋለሁ፣ እናቴ ታየዋለች፣ አባዬም ያየዋል። አንድ ቀን ‹ግባ› ቢለው ምን ነበረበት? እኔስ ብከፍትለት? ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።»

በድሪ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ምሳ ቀረበ፤ ሩዝና የሥጋ ወጥ ነበር። ለህሩይ ብላ የሥጋውን ወጥ ትታ እንቁላል ጠብሳለታለች። ትንሽ ትንሽ ቀመሱ። ከዚያ ሦስቱም ወደ መቃብሩ ሄዱ። በድሪ ለሟች የሚባለውን ፋቲሃ ቀራ። ህሩይ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ኋላ ቆመ።

ሲመለሱ፣ በደሳ ከመድረሳቸው በፊት፣ በድሪ መንገዱ ዳር አቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት እያየ ተናገረ።

«አፉ ልልህ ነበር ያመጣሁህ። መቃብሩ ላይ ቆሜ፣ በሐሰን ፊት፣ ልልህ አስቤ ነበር። አልመጣልኝም። ቃሉ እዚህ ደርሶ ይቆማል፣» አለና ጉሮሮውን ነካ። «ክፉ ሰው እንዳልሆንክ አውቃለሁ። ወዳጄ ነህ። ግን አይወጣም፣ ያ ህሩይ።»

«አትቸኩል፣» አለ ህሩይ። «እኔ አልጠየቅኩህም።»

«ሐሰንም እንዲህ ሆኖበት ነው፣» አለ በድሪ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ጨካኝ ነው እያልኩ አማሁት። እንዲህ ሆኖበት ነው እኮ! በመስኮት እያየኝ እንዲህ ሆኖበት ነው!»

ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። በቀብሩም፣ በሐዘኑም ሰሞን ዕንባ አልወጣውም ነበር፤ አሁን እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። ከኋላ የመጣ ሚኒባስ ጡሩንባ ነፍቶ አለፋቸው። ህሩይ እጁን ሊጭንበት ፈልጎ፣ ደግሞ መብት ያለው አልመስለው ብሎ፣ ጉልበቱ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

ጥቂት ቆይቶ ህሩይ ወርዶ በፊት በኩል ዞረና የሾፌሩን በር ከፈተ።

«ጠጋ በል፣» አለው። «እኔ ልንዳ።»

በድሪ ተጠጋ። ራሱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ህሩይ ማርሽ አስገባና ቀስ ብሎ ወደ ጭሮ ነዳ።